የመጨረሻው ሆል አጭር ቢሆን ምን ይላል? 18ኛውን በፓር 3 ስለመዝጋት

መስመር አውጪ

ሰላም ለሁላችሁ። ገና ወረቀት ላይ ያለ የ18 ሆል የጎልፍ ሜዳ ንድፍ ነው (ሆል ማለት ከመጀመሪያው ምት እስከ ጉድጓዱ ያለው አንድ መስመር ነው)። እስከ 17ኛው ድረስ ተስማምቶኛል፣ የመጨረሻው ግን አልገጥም አለኝ። ልኩን ላስቀምጥና እናንተ ፍረዱ።

ከ17ኛው ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ጫፍ እስከ ክለብ ሃውሱ ግድግዳ የቀረኝ መሬት 310 ሜትር ርዝመትና 85 ሜትር ስፋት አለው። ሆሉ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። በግራ በኩል አጥር አለ፣ ከአጥሩ ማዶ የመኪና መንገድ ነው። በቀኝ በኩል ክረምት ላይ ውሃ የሚወርድበት ቦይ የመሰለ ሸለቆ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው የለም። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ነው። 17ኛው 415 ሜትር የሆነ ከባድ ፓር 4 ነው፣ በአራት ምት ሊጨረስ የሚገባው ማለት ነው። በዓመት 25,000 ዙር ይስተናገዳል ብዬ ነው የማሰላው።

ሁለት አማራጭ ይዣለሁ፦ 165 ሜትር ፓር 3፣ ወይም ጎበዝ መቺ በአንድ ምት ግሪን የሚደርስበት 275 ሜትር ፓር 4። ንድፉን ያሳየሁት ሰው ሁሉ «ሜዳ በፓር 3 አይዘጋም» ይለኛል። ደንብ ነው ወይስ ልማድ? እናንተ ብትሆኑ የቱን ትወስዳላችሁ?

ስኮርካርድ

ልማድ ነው። ደንቡ የሚያገባው ርዝመቱ ላይ ብቻ ነው። የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት (የተጫዋቾችን ደረጃ የሚያመዛዝነው) ለወንዶች ፓር 3 እስከ 260 ያርድ (238 ሜትር ገደማ)፣ ለሴቶች እስከ 220 ያርድ (201 ሜትር ገደማ) ይላል። ሆሉ ስንተኛ መሆን እንዳለበት የሚናገረው ነገር የለም።

በፓር 3 የሚዘጉ የተከበሩ ሜዳዎችም አሉ። ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ያለው ፓሳቲዬምፖ፣ አሊስተር ማኬንዚ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1929 የተከፈተው፣ 18ኛው ገደል የሚያሻግር ፓር 3 ነው። ኒውዮርክ ያለው ጋርደን ሲቲ ኩሬ አሻግሮ በሚመታ ፓር 3 ያልቃል። እንግሊዝ ውስጥ የበርክሻየር ቀዩ ሜዳ ስድስት ፓር 3፣ ስድስት ፓር 4፣ ስድስት ፓር 5 አለው፣ መዝጊያውም ፓር 3 ነው። አየርላንድ ኪላርኒ ያለው የማሆኒስ ፖይንት ሜዳም ሐይቁ ዳር በፓር 3 ይጨርሳል። ማኬንዚን የመሰለ ሰው ያደረገውን ነገር «አይደረግም» ማለት ይከብዳል።

ሰዎቹ የሚሉህ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ትልቅ ውድድር የሚያስተናግዱ ሁለት የአሜሪካ ሜዳዎች ይህንኑ ነገር ቀይረውታል። አትላንታ ያለው ኢስት ሌክ 18ኛው ከ210 ሜትር በላይ የሆነ ፓር 3 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ለቱር ቻምፒዮንሺፕ ሲባል የፊትና የኋላ ዘጠኝ ሆሎች ተለዋወጡ፣ ፓር 3ቱ 9ኛ ሆኖ መዝጊያው ፓር 5 ሆነ። ሌላው በዋሽንግተን አቅራቢያ ቤተዝዳ ያለው ኮንግረሽናል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ ዩኤስ ኦፕን መዝጊያው ረጅሙ ፓር 4 ነበር። በ1997ቱ ግን ውሃ አሻግሮ በሚመታ 190 ያርድ ፓር 3 ነው የተጨረሰው፣ 17ኛው ደግሞ ያው 480 ያርድ የሆነው ፓር 4 ነበር።

በ1997ቱ የመጨረሻ ቀን የሆነውን ልብ በል። ቶም ሌማን ኳሱን ውሃ ውስጥ የከተተው 17ኛው ላይ ነው። ኮሊን ሞንትጎመሪ 18ኛው ግሪን ላይ ያሉት እስኪጨርሱና የሕዝቡ ድምፅ እስኪበርድ ጠብቆ አጭር ፓቱን (ግሪን ላይ ኳሱን የሚያንከባልሉበትን ምት) የሳተው 17ኛው ላይ ነው። ኤርኒ ኤልስ 18ኛው ላይ ፓር አድርጎ በአንድ ምት አሸነፈ። ትግሉ ያለቀው ከመጨረሻው አንድ ሆል በፊት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፓር 3ቱ ፈርሶ፣ አቅጣጫው ተገልብጦ 10ኛ ሆነ። የ2011ዱ ዩኤስ ኦፕን ያለቀው በፓር 4ቱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄህን ወደ 17ኛው አዙረው። ያንተ 17ኛ 415 ሜትር ነው፣ ግሪኑ ውሃ ወይም ጥልቅ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ካለው ልክ እንደ ኮንግረሽናል ይበላሃል። ሜዳህ የክለብ አባላት ሜዳ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ብዙ አያስጨንቅም። የአባላት ግጥሚያ ሆል በሆል ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ 16ኛ ወይም 17ኛ ላይ ያልቃል።

ዳገት

እኔ ፓር 4ቱን እመርጣለሁ። አጭር መዝጊያ ሲባል ሰው ፓር 3 ብቻ ነው የሚታየው። የስኮትላንድ የባሕር ዳር ሜዳዎች ግን ከጥንትም በአጭር ፓር 4 ነው የሚዘጉት። የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ 18ኛ 357 ያርድ (326 ሜትር) ነው። ኖርዝ በርዊክ ወደ 250 ሜትር ነው፣ በቀኝ በኩል የቆሙ መኪኖች አሉ። ፕሬስትዊክም ከ300 ያርድ በታች ነው።

ሴንት አንድሩስን አስበው። ፌርዌዩ (ከመምቻው እስከ ግሪኑ ያለው የተስተካከለ ሣር) ከ1ኛው ጋር የተጋራ ሜዳማ ቦታ ነው፣ አንድም ባንከር የለውም። ያለው ነገር ግሪኑ ፊት በግራ በኩል ያለው ጎድጓዳ ብቻ ነው፣ «የኃጢአት ሸለቆ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ የኦፕን ውድድር ኮስታንቲኖ ሮካ ቲ ሾቱን (የመጀመሪያ ምቱን) ግሪኑ አጠገብ አድርሶ፣ ቺፑን (ወደ ግሪን የሚመታውን አጭር ምት) አበላሽቶ እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ጣለው፣ ከዚያ ከ18 ሜትር በላይ በሆነ ፓት አገባውና ጆን ዴሊን ወደ ተጨማሪ ሆሎች ወሰደው። በ1970ው ኦፕን ደግሞ ዳግ ሳንደርስ እዚያው ግሪን ላይ አንድ ሜትር የማትሞላ ፓት ስቶ ዋንጫውን አጣ። በማግስቱ በነበረው የሁለትዮሽ ግጥሚያ ኒክላውስ በአንድ ምት ከግሪኑ አልፎ፣ ተመልሶ በርዲ (ከፓር በአንድ ምት ያነሰ) ሠራ። አንድ ሆል ላይ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሁሉ ይታያል። 165 ሜትር ፓር 3 ላይ ይህን አታገኝም። አብዛኛው ሰው 3 ወይም 4 ጽፎ ይወጣል።

ሜትር በሜትር

ዳገት ያልከው ስለ ሆሉ ጣዕም ልክ ነው። መሬቱ ግን አይፈቅድም። ቁጥሩን እንይ።

ርዝመት፦ 310 ሲቀነስ 275፣ 35 ሜትር ይቀራል። ቲው (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ) 17ኛው ግሪን ላይ ተለጥፎ እንኳ ከግሪኑ መሃል እስከ ክለብ ሃውሱ 35 ሜትር ብቻ ነው። ቀጥን ብሎ የተመታ ኳስ በረንዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ፓር 3ቱን ውሰድ፦ ከ17ኛው ግሪን 50 ሜትር ርቀህ ቲ ብታደርግ፣ 165 ሜትር ሆል፣ ከዚያ 95 ሜትር ይተርፋል። እኔ ከግሪን መሃል እስከ ሰው መቀመጫ ከ60 ሜትር በታች አልወርድም። በዚህ ከፍታ ደግሞ የባሰ ነው።

ከፍታውን እናስላ። ኳስ በየ1,000 ጫማ ከ1.1 እስከ 1.2 በመቶ ገደማ ይረዝማል ተብሎ ይሠራል። 1,900 ሜትር ከ6,200 ጫማ በላይ ነው፣ ወደ 7 በመቶ ይመጣል። 275 ሜትሩ በባሕር ጠለል ሚዛን 257 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ጎበዝ መቺ ብቻ አይደለም፣ መካከለኛውም ድራይቨር (ለረጅም ምት የሚሆነውን ዱላ) ይመዛል።

ስፋት፦ ዋናው ችግር ይህ ነው። የተለመደው የጥንቃቄ ሂሳብ ከመሃል መስመሩ በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ ነው። በ230 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ 62 ሜትር ነው፣ ግራና ቀኝ 124። ያለህ 85 ነው። ድራይቨር ባወጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ኳስ ይወርዳል። በ165 ሜትር ግን 44 ሜትር ነው፣ ጠቅላላ 88። መሃል ላይ ብታሰምር በግራ አጥሩን ለጥቂት ያልፋል። ስለዚህ መሃል አታስምር። ቲውን ከአጥሩ 30 ሜትር ላይ አድርገህ ግሪኑን 50 ሜትር ላይ አስቀምጥ፣ መስመሩ 7 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ይዞራል። ያኔ በግራ ያመለጠው ኳስ እንኳ ግሪኑ ትይዩ ላይ ከአጥሩ 6 ሜትር ወዲህ ይወድቃል። በቀኝ የሚያመልጠው ሸለቆ ይገባል፣ እዚያ ሰው የለም ብለሃል።

ሴንት አንድሩስ ላይ የሚሠራው ፌርዌዩ ከ1ኛው ጋር ተደምሮ ከ100 ሜትር በላይ ስፋት ስላለው ነው። ያም ሆኖ በቀኝ በኩል ሱቆቹና መንገዱ አሉ።

ዳገት

በስፋቱ ተረታሁ። 275ቱን ተውት። ግን ፓር 3 ካደረግህ ያን 3 ወይም 4 ብቻ የሚጻፍበት ዓይነት አታድርገው። ክብ ግሪን፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ባንከር፣ አለቀ የሚባል ሆል መቶ ጊዜ ያላየ ሰው የለም።

መስመር አውጪ

ተመስገን፣ ስፋቱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። እሺ ፓር 3 ይሁን። ታዲያ ሸለቆውን እንዴት ልጠቀምበት? ሰው ሁሉ የግድ ይሻገረው?

ሜትር በሜትር

የግድ አታሻግር። ግሪኑን ሰያፍ አድርገው፦ የፊቱ ጫፍ በግራ፣ የኋላው ጫፍ በቀኝ ወደ ሸለቆው ይዘንበል። ከዋናው ቲ ሲለካ የፊት ግራው ባንዲራ (ጉድጓዱን የሚያሳየው) 153 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ሸለቆው አይነካውም። የኋላ ቀኙ 176 ገደማ ነው፣ እዚያ ለመድረስ የሸለቆውን ጥግ መብረር አለበት። የሆሉ ክብደት በዕለቱ ባንዲራው ባለበት ቦታ ይወሰናል፦ ቅዳሜ የዋህ፣ እሑድ ክፉ።

ግራ ፊት 12 ሜትር ያህል አጭር ሣር ተው። ፈሪ እዚያ ይምታ፣ ከዚያ ቺፕና ፓት አድርጎ 3 መውጣት ይችላል፣ ግን ወደ ኋላ ቀኙ ባንዲራ ሲቺፕ ግሪኑ ከሱ ይሸሻል። ግራ ኋላ ላይ አንድ ባንከር አድርግ። ለቅጣት ብቻ አይደለም፣ ወደ አጥሩ የሚሮጠውን ኳስ እንዲይዝልህ ነው። በቀኝ ባንከር አያስፈልግም፣ ሸለቆው ይበቃል። ባንከር ካደረግህበት ወደ ሸለቆ የሚሄደውን ኳስ አስቁመህ ታድነዋለህ፣ የሆሉ ነገር ሁሉ ይረክሳል።

የፊት ቲውን 110 ሜትር ላይ፣ ከዋናው በግራ በኩል አድርግ። ከዚያ አንግል ሸለቆው ከነጭራሹ መስመር ውስጥ አይገባም፣ ኳስ እየተንከባለለም ይደርሳል።

ስትሮክ ኢንዴክስ (ለደካማው ተጫዋች ተጨማሪ ምት የሚሰጥባቸው ሆሎች ቅደም ተከተል) ላይ ይህን ሆል 15 ወይም 16 ስጠው። መዝጊያ ሆል 1 አይሰጠውም፣ አብዛኛው ግጥሚያ ሳይደርስበት ስለሚያልቅ ምቱ ይባክናል።

ማርሻል

ስለ ሰልፍ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ፓር 3 ላይ በአንድ ጊዜ መጫወት የሚችለው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ተራ ፓር 4 ላይ ሁለት ይሆናሉ፣ ፓር 5 ላይ ሦስት። አራት ሰው ቲ ላይ 3 ደቂቃ፣ መራመድ 2 ደቂቃ ከግማሽ፣ ቺፕና ፓት 4 ደቂቃ። ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ያዝ። ቡድኖችን በየ8 ደቂቃ ከለቀቅህ 18ኛው ቲ ላይ በየቡድኑ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጠራቀማል፣ ከሰዓት ላይ ሦስት ቡድን ተሰልፎ ታገኛለህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየ10 ደቂቃ ልቀቅ። የሜዳ ፍጥነት የሚወሰነው በዘገምተኛው ሆል ነው፣ ከሱ ፈጥነህ ብትለቅ ትርፉ ሰልፍ ነው።

ያ የዳገት ፓር 4 ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር፣ ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያስበው። ግሪን በአንድ ምት የሚደረስበት ፓር 4 ላይ ጎበዙ ግሪኑ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ስለዚህ እንደ ፓር 3 አንድ ቡድን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ርዝመቱና ኳስ ፍለጋው ሲጨመር 13 ደቂቃ ይፈጃል።

ሰልፍ ሲበዛ የሚረዳ አንድ ነገር፦ ግሪን የደረሰው ቡድን ኳሶቹን ምልክት አድርጎ ወደ ጎን ይቁም፣ ቲ ላይ ያሉት ይምቱ፣ ከዚያ ፓቱ ይቀጥል። ከየቡድኑ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆርጣል። ይህ እንዲሠራ ግን ግሪኑ ዳር ከምት የተጠበቀ መቆሚያ ያስፈልጋል። ያንተ ሆል ላይ ከግራ ኋላው ባንከር ጀርባ ከፍ ያለ ጉብታ አድርግ።

18ኛው ቲ አጠገብ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ጥላና ውሃ አዘጋጅ። ቦታው ከ17ኛው ግሪን በጎን ይሁን እንጂ ቀጥታ ከኋላ አይሁን፦ 17ኛው ረጅም ስለሆነ ሁለተኛውን ምት በረጅም ዱላ የሚመታ ብዙ ነው፣ ያለፈው ኳስ ተሰልፎ የቆመ ሰው ላይ እንዳይመጣ። ወሬያቸውም ፓት የሚያደርገውን ይረብሻል።

የሣር ሰው

ከቲው ልጀምር፣ ፓር 3 የሚሞተው ቲው ላይ ነውና። ሁሉም በአይረን (በብረት ዱላ) ይመታል፣ እያንዳንዱ ምት ሣር ይቆርጣል። የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር መለኪያ ለ1,000 ዙር በዓመት ለፓር 4ና ፓር 5 100 ካሬ ጫማ፣ ለፓር 3 ግን እጥፉን 200 ካሬ ጫማ ነው፣ ወደ 18.6 ካሬ ሜትር። በ25,000 ዙር ስታባዛው 465 ካሬ ሜትር ለጥ ያለ፣ የሚያገለግል ቲ ያስፈልግሃል። ጠርዙና ተዳፋቱ አይቆጠርም። ብዙ ንድፍ ላይ 200 ካሬ ሜትር ይሳልና በሁለተኛው ዓመት አፈር ብቻ ይቀራል። የቲ ምልክቱን በየቀኑ አንቀሳቅስ፣ የተቆረጠውን በአሸዋና በዘር ድብልቅ ሙላ። ለቲው ቤርሙዳ ሣር ትከል፣ ቶሎ ይሽራል።

ግሪኑን 28 ሜትር በ20 ሜትር ሞላላ ብታደርገው ወደ 440 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ይመስላል። ባንዲራ ከጠርዝ 4 ሜትር ይራቅ ስትል ግን 20 በ12 ይቀርሃል፣ 190 ካሬ ሜትር የማይሞላ። ከዚያ ውስጥ ከ3 በመቶ በላይ የሚያዘነብለውን አውጣ፣ ኳስ አይቆምበትም። ፊትና ኋላውን የሚለይ ደረጃ ካስገባህ ደግሞ ሌላ 50 ወይም 60 ይሄዳል። ባንዲራ የምታፈራርቅበት ስድስት ሰባት ቦታ ብቻ ይተርፋል። ፓር 3 ግሪን ላይ ኳሱ ከላይ ስለሚወርድ ጠባሳው ይበዛል፣ ቦታ ካላፈራረቅህ ይቆስላል። 32 በ22 አድርገው፣ 550 ገደማ ይመጣል።

ሥራው የተለመደው ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋማ አፈር፣ ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ በቱቦዎቹ መካከል ከ5 ሜትር ያልበለጠ፣ ቢያንስ 0.5 በመቶ ተዳፋት። መውጫውን ወደ ሸለቆው አድርግ፣ ግን የክረምቱ ጎርፍ ከሚደርስበት በላይ። ጎርፉ ቱቦው አፍ ላይ ከደረሰ ውሃው ተመልሶ ግሪኑ ሥር ይተኛል።

አሁን ትልቁ ነገር፦ ኪኩዩ ሣር። በዚህ ከፍታ ፌርዌዩን ባትተክለውም እሱ ይመጣል፣ አገሩ ነው። ለፌርዌይ እሰየው ነው፣ ኳሱን እንደ ብሩሽ ያቆመዋል። ግሪን ዳር ግን ጠላት ነው። ሜትር በሜትር ያላት 12 ሜትር አጭር ሣር ኪኩዩ ከሆነች ኳስ አይንከባለልባትም፣ ያዝ አድርጋ ታስቀረዋለች፣ ቺፕ የሚያደርገውም ዱላው ይጠመድበታል። እዚያ ቦታ ላይ ቤርሙዳ ተክለህ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቁረጠው። ድንበሩ ላይ በየሁለት ሳምንቱ በሹል አካፋ ዙሪያውን ቁረጥና ሐረጉን በእጅ ልቀም፣ በክረምት በየሳምንቱ። ሁለት ወር ከተዘናጋህ ግሪኑ ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ከዚያ እየነቀልክ መቀየር እንጂ ሌላ የለም።

መስመር አውጪ

ሁሉንም ጻፍኩት። የቀረኝ ፀሐይዋ ናት። ወደ ምዕራብ ነው ብያለሁ፣ ከግሪኑ ጀርባ ዛፍ ብተክል ይረዳል?

ሜትር በሜትር

ቲ ላይ ላለ ሰው ብዙም አይረዳም። 15 ሜትር ዛፍ ከ200 ሜትር ርቀት ሲታይ ከፍታው 4 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትወርዳለች፣ ስለዚህ ዛፉ የሚጋርድህ መጨረሻ ላይ 17 ደቂቃ ብቻ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት የተለቀቀ ቡድን 18ኛው ቲ ላይ የሚደርሰው 11 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፣ ያኔ ፀሐይዋ ከዛፉ በላይ ናት።

የሚረዳህ ያው 7 ዲግሪ መዞር ነው። በግራህ ደቡብ ነው፣ በቀኝህ ሰሜን። በበጋ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ሄዳ ነው። መስመርህ ወደ ሰሜን 7 ዞሯል፣ በመካከላቸው 31 ዲግሪ አለ፣ ዓይን ውስጥ አትገባም። ፊት ለፊት የምትመጣው ከመጋቢት መጨረሻ በኋላና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። የነሐሴው ደመና ነው፣ የሚያዝያውን ታገሠው።

የሣር ሰው

ዛፍ ከተከልክም ለክለብ ሃውሱ ጥላ ብለህ ትከል። ከምዕራብ በኩል ያለ ዛፍ የሚጥለው የከሰዓት ጥላ ነው፣ ግሪኑን ብዙ አይጎዳም። ሣሩ አጥብቆ የሚፈልገው የጠዋቱን ፀሐይ ነው፣ ጤዛው ቶሎ እንዲደርቅና በሽታ እንዳይገባ። ከምሥራቁ ጎን፣ ሸለቆው ዳር ጭምር፣ ምንም ረጅም ነገር እንዳይበቅል ጠብቅ። ባሕር ዛፍ ግን የትም ጎን አይሁን፣ ሥሩ 20 ሜትር ርቆ መጥቶ የግሪኑን ውሃ ይጠጣል፣ ቱቦህንም ይደፍናል። ወይራ ወይም ጽድ ይሻላል፣ ከግሪኑ ጠርዝ 25 ሜትር ወዲያ።